ጠፈር፣ ህዋ፣ ምሕዋር፦ ስለ ሰማይ ምርምር የአማርኛ ስያሜዎች

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ጽሑፍ፣ ሰው ከምድር ውጭ ያለውን ዓለም መመርመር ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተለመዱትን አንዳንድ ስያሜዎች መርጦ ሥርወ ቃላቸውንና የዛሬ አገልግሎታቸውን ለማብራራት የተሰናዳ ነው። ቃላቱ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም ለመዘርዘር አልተሞከረም። የተመረጡት፣ ስያሜው ራሱ ተማሪውን ወደ ትክክለኛው ሐሳብ የሚመራ ወይም ከዚያ የሚያርቅ ሆኖ የተገኘባቸው ናቸው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋ ብሔረሰብ ዞን፣ በዲማ ከመምህራን ጋር ስለ ትምህርት ቃላት የተደረገ ውይይት ነው። አንድ የሳይንስ መምህር እንደ ገለጹልን፣ ከተማሪዎቻቸው አንዲቱ «ጠፈር መጨረሻ አለው ወይ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። መምህሩም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ቢፈልጉት «ጣራ» የሚል ፍቺ ያገኛሉ። ጣራ ከሆነማ መጨረሻ ነው፤ የቤት መጨረሻው ጣራው አይደለምን? እንዲህ ሆኖ የፊዚክስ ጥያቄ የነበረው የመዝገበ ቃላት ጥያቄ ሆነ። መምህሩ ነገሩን እንደ ጨዋታ አድርገው ቢያወሩትም፣ ልጅቱ ግን የጠየቀችው የዘመኑ ሊቃውንት ዛሬም የሚጨነቁበትን ነገር ነው፤ ስለዚህ ቃሉ መሰናክል እንዳይሆንባት መመርመር ይገባል።

ጠፈር በግዕዝ የታወቀ ጥንታዊ ቃል ነው። ነባር ትርጉሙ የቤት ጣራ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ወደ ግዕዝ ሲመለስ፣ በሁለተኛው የፍጥረት ቀን ውሃን ከውሃ ለመለየት የተዘረጋው ነገር ጠፈር ተባለ። በዚህ ቦታ ላይ ያለው የዕብራይስጥ ቃል ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ነገርን ያመለክታል። የግሪኩ ቃል «ጽኑ ነገር» ማለት ሲሆን ላቲኑም ያንኑ ተከትሏል። የግዕዝ ተርጓሚዎች ግን ስያሜውን ከአንጥረኛ መዶሻ አልወሰዱም፤ ከሕንፃ ሥራ ወሰዱት። ሰማይ ጣራ፣ ምድር ወለል፣ ሰው በመካከሉ የሚኖር ባለ ቤት መሆኑ ነው። ምስሉ ያማረ ነው፤ ለቀና ዓይን እንደሚታየውም ትክክል ነው።

አማርኛው ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ጥላ ጨምሮበታል። ጠፈር ሲባል የአማርኛ ተናጋሪ ጠፍርን፣ የጠፍር አልጋን፣ «እጅና እግሩን ጠፍሮ አሰረው» የሚለውን አነጋገር ሳያስታውስ አይቀርም። ስለዚህ ወሰን አልተገኘለትም ለሚባለው ነገር የሰጠነው ስም፣ በአንድ ወገን ክዳንን በሌላ ወገን እስራትን የሚያሳስብ ሆነ።

ይህ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ሶቪየት ኅብረት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ስፑትኒክን ስታመጥቅ፣ ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ምድርን ሲዞር፣ አሜሪካውያን ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃን ሲረግጡ፣ አማርኛ የሰማይን ስም ሲያጣ አልተገኘም፤ ስሙ በእጁ ነበርና ትርጉሙን ዘረጋው። በመጀመሪያ ጠፈር የሚታየው ገጽ ነበር፤ ኋላ ከገጹ ወዲያ ያለው ስፋት ሁሉ ሆነ። የዕቃው ክዳን ለዕቃው ስም ሆነ ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው የትርጉም መስፋት በየቋንቋው የሚታይ ነው። አቶም በግሪክ «የማይከፈል» ማለት ነው፤ አቶም ከተከፈለ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙን ግን ማንም አልለወጠም። ሥርወ ቃል የቃሉን ትውልድ ይናገራል እንጂ በዛሬ ፍቺው ላይ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ለዲማው መምህር የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

ህዋ የሚለው ቃል በበኩሉ ከጠፈር ይልቅ ባዶነትንና ስፋትን ስለሚያሳስብ፣ ብዙ ጸሐፍት ለሳይንሱ የተሻለ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔም በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ህዋን ብመርጥ እወዳለሁ። ነገር ግን ቃሉ አንድ ችግር አለበት፤ ይኸውም አጻጻፉ አለመርጋቱ ነው። ኅዋ፣ ሕዋ፣ ህዋ ተብሎ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። የድምፅ ልዩነት ስለሌለ ለአማርኛ አንባቢ ብዙም አያስቸግርም ይባል ይሆናል፤ በቃሉ አጠገብ ምሕዋር የሚባል ሌላ ቃል ባይኖር ኖሮ እውነት ነበር።

ምሕዋር ማለት አንድ አካል በሌላው ዙሪያ የሚሄድበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው «ምህዋር» ብሎ ስለሚጽፈው፣ ከህዋ የተገኘ፣ «የህዋ መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ምሕዋር ከግዕዙ ሖረ፣ ማለት «ሄደ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም መሄጃ፣ ጕዞ፣ ጎዳና ማለት ነው። ሐዋርያ የሚለውም ከዚሁ ግስ የተወለደ ነው፤ ሐዋርያ ተልኮ የሚሄድ፣ ምሕዋር የሚኬድበት። በሐመሩ ሐ ተጽፎ ሲታይ ዝምድናው ወዲያው ይገለጣል፤ በሃሌታው ሲጻፍ ግን ቃሉ ወላጁን ያጣል። የሞክሼ ፊደላትን ጉዳይ እዚህ ማንሣት አልፈልግም፤ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ነው። ነገር ግን በሙያ ቃላት ላይ ሲሆን ፊደሉ ትርጉም ጠባቂ እንደሚሆን ይህ አንድ ምስክር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አጽናፈ ዓለም የሚለው ስያሜ ነው። ጽንፍ ዳር ነው፤ አጽናፍ ዳርቻዎች። አጽናፈ ዓለም እንግዲህ «የዓለም ዳርቻዎች» ማለት ይሆናል። ዛሬ ግን የምንለው ስለ ዳርቻው ሳይሆን በዳርቻዎቹ መካከል አለ ስለተባለው ሁሉ ነው። ጠፈርን ከላይ ጣራ፣ አጽናፍን በዙሪያው አጥር አድርገን የመረመርነው ነገር ጣራም አጥርም ያልተገኘለት ሆነ። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት፣ አጽናፈ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ እየሰፋ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ከየአቅጣጫው ተነሥቶ ዛሬ ወደ እኛ የደረሰው ብርሃን የተነሣበት ሥፍራ፣ ከመስፋቱ የተነሣ አሁን 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ብርሃኑ ገና ስላልደረሰን አይታይም። አለመታየት ግን አለመኖር አይደለም።

ለዚህ አማርኛ ፍጹም የሆነ ቃል አለው፤ አድማስ። በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሰማይና ምድር የገጠሙ የሚመስሉበትን መስመር ያያል፤ ወደዚያ ቢሄድ መስመሩ ይሸሸዋል እንጂ አይደርስበትም። የአኮቦን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምዕራብ ወደ ሜዳው የወረደ የዲማ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለተማሪዋ ጥያቄ «ጠፈር አድማስ አለው፤ ጫፍ ግን አልተገኘለትም» ብሎ መመለስ ይቻላል። አድማስን ለዚህ አገልግሎት በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሁለተኛ ፍቺነት ማስገባት ይገባል እላለሁ። ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ኤም 87 በተባለው ረጨት መካከል ያለው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣ ጊዜም፣ ምስሉን ያነሣው የቴሌስኮፖች ማኅበር ስሙን የወሰደው ከአድማስ ነው። ብርሃን እንኳ ካለፈው የማይመለስበት ወሰን በሥነ ፈለክ አድማስ ይባላልና።

ረጨት ስል አንባቢው «ጋላክሲ» ብሎ እንዲረዳኝ ነው። ረጨ ከሚለው ግስ የወጣው ይህ ስያሜ በአጭርነቱም በሥዕላዊነቱም ከሚወደዱት ውስጥ ነው፤ የእኛው ረጨት ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ «የወተት መንገድ» ማለት ነው፤ ከግሪኩ የተመለሰ ነው። የብርሃን ዓመት ግን በየክፍሉ ስሕተት የሚያስከትል ነው። «ዓመት» ስለሚል ተማሪው የጊዜ መለኪያ ያደርገዋል። እርሱ ግን ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ፣ ወደ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ነው። አገር ቤት «የሁለት ቀን መንገድ» ማለት የተለመደ ነውና፣ «የብርሃን የአንድ ዓመት መንገድ» ተብሎ ቢገለጽ ችግሩ በአንድ ቃል ይቃለላል።

ስለ ክብደት የለሽነትም እንዲሁ። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ በምድር ዙሪያ በሚሽከረከረው የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሰዎች ሲንሳፈፉ የሚያይ ተማሪ በዚያ ስበት የለም ብሎ ይደመድማል። በዚያ ከፍታ የምድር ስበት በገጽዋ ላይ ካለው ወደ 90 በመቶ ይሆናል። ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ጣቢያውም እነርሱም አብረው ዘወትር ስለሚወድቁ ነው፤ ወደ ጎን ያላቸው ፍጥነት ግን ምድርን እየሳቱ እንዲወድቁ ያደርጋቸዋል። ምሕዋር ማለት በሌላ አነጋገር መሬት የማይደርስ አወዳደቅ ነው።

ወደ መሣሪያዎቹና ወደ ሰዎቹ ስም እንለፍ። መንኮራኩር በግዕዝ የሠረገላ እግር፣ ጎማ ማለት ነው። የጠፈር መንኮራኩር ግን ጎማ የለውም። ቃሉ ወደ ሰማይ የወጣው በነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ ላይ ከሚታዩት መንኮራኩሮች የተነሣ ይመስለኛል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ጸሐፊ ወደ ሰማይ የሚሄድ ነገር ሲፈልግ ቀድሞ የሚታሰበው ይኸው ነውና። ሕንድ ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ያሳረፈችው ቻንድራያን 3 በሆዱ ትንሽ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር፤ ባለ ስድስት ጎማ። በአማርኛ ሲነገር ጎማ የሌለው መንኮራኩር ባለ ጎማውን አወረደ እንደ ማለት ሆነ። ስያሜው ግን ተለምዷል፤ አሁን መለወጡ አይጠቅምም።

«አሳረፈ» በማለቴ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ለአውሮፕላንም ለመንኮራኩርም ዐረፈ ይላል። ዐረፈ ደግሞ በክብር ሲነገር ሞተ ማለት ነው። «ሁለቱ ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ ዐረፉ» ተብሎ ቢጻፍ የሚደነግጥ አንባቢ አይጠፋም፤ እንዲህ ሲጻፍ መንኮራኩሩን ባለቤት፣ ሰዎቹን ተሳፋሪ ማድረግ ይሻላል።

ጠፈርተኛ የሚለው የራሱ ታሪክ አለው። በምዕላዱ ሕግ ቢሄድ፣ ከመርከብ መርከበኛ፣ ከነገር ነገረኛ እንደሚባለው ሁሉ ከጠፈርም ጠፈረኛ ይባል ነበር። ተናጋሪው ግን ት ጨምሮ፣ ከሥራ ሠራተኛ እንዳለው፣ ጠፈርተኛ አለ። ምክንያቱ ነገረኛ፣ አመለኛ የሚሉት ክፉ ጠባይን ስለሚያመለክቱ፣ ጠፈረኛ የሚለው ከእነርሱ ጋር እንዳይቈጠር ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። የትርጉሙ ጥቅም ግን ከቅርጹ ይበልጣል። በውጭ ቋንቋ የሩሲያው «ኮስሞናውት»፣ የአሜሪካው «አስትሮናውት»፣ የቻይናው «ታይኮናውት» እየተባለ የሰማዩ መርከበኛ እንደ ፓስፖርቱ ስሙ ይለያያል። በአማርኛ ጋጋሪንም አርምስትሮንግም ጠፈርተኛ ናቸው። በዚያ የፉክክር ዘመን ከሁለቱም ወገን ያልወገነ ስያሜ ማግኘታችን ትንሽ ነገር አይደለም።

የሰማይን ዕውቀት ስም በተመለከተ የቆየ ችግር አለ። በአገራችን ስለ ከዋክብት መጠየቅ አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ የብርሃናትን አካሄድ ይተነትናል፤ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ኆኅት ትወጣለች፣ በምዕራብ በስድስት ኆኅት ትገባለች፤ ዓመቱም 364 ቀን ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ የአራማይክ ቍርጥራጮቹ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል። ባሕረ ሐሳብ የዘመን አቈጣጠርን ይዟል። ለፈለኮችም ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራ፣ ዐጣርድ የሚሉ ከዓረብኛ የመጡ ስሞች ነበሩን፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ፣ ቬነስ፣ ሜርኩሪ ይባላሉ። ፈለክ የሚለውም ራሱ ከዓረብኛ ነው። ነገር ግን ይህ ዕውቀት ከዕጣ ፈንታ ንባብ ጋር አብሮ ስለኖረ፣ ከዋክብትን የሚመረምር ሰው በሕዝብ አነጋገር ኮከብ ቈጣሪ ይባላል፤ ኮከብ ቈጣሪ ደግሞ የሰውን ስምና የእናቱን ስም አስልቶ ዕድል የሚናገር ነው። የሥነ ፈለክ ተማሪ በቀዬው «ኮከቤን ንገረኝ» ሲባል የሚያፍርበት ምክንያት ይህ ነው። ሥነ ፈለክና የሥነ ፈለክ ባለሙያ የሚሉት ስያሜዎች ይህን ድንበር ለመለየት አስፈላጊ ናቸው፤ ረዘሙ ተብለው መተው የለባቸውም።

መሥሪያ ቤቶቻችን በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ መርጠዋል። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበር የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተባለ፤ በኋላ በመንግሥት የተቋቋመውም ተቋም በስሙ «ስፔስ» የሚለውን ያዘ። ጠፈርም ህዋም በር ላይ ቀሩ። ምክንያቱ ሊገባኝ ይችላል፤ የውጭ ባልደረባ በቶሎ ይረዳዋል። ነገር ግን ሁለት ያገር ቃላት እያሉ ሦስተኛ መዋስ ስያሜን ማብዛት እንጂ ማበልጸግ አይደለም። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች፤ በዓመቱም ሌላ አነስተኛ ሳተላይት ተከተለቻት። እርሻን፣ ደንን፣ ውሃን ከላይ ለማየት የታሰበች ነበረችና፣ የዲማ ደንና ወንዝ የእርስዋ ጉዳይ ነበር። ስምዋ ግን የእንግሊዝኛ ፊደላት ምሕጻር ነው፤ ለአፍ አይመችም፤ ሕፃን ሊወደው የሚችል ስም አይደለም።

በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ስያሜ ተሰማ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚሄደውን ፕላኔት እንዲሰይም ባወጣው ውድድር፣ ኢትዮጵያ የተሰጣትን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱንም አቦል ብላ ሰየመች፤ ስሞቹም ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆኑ። ኮከቡ ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት የሚጠጋ ርቀት ላይ ሲሆን፣ ፕላኔቱ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ነው። እንደ መዝገበ ቃላት ሰው ይህን ስያሜ አደንቃለሁ። አቦል ከሦስቱ የቡና ስኒዎች የመጀመሪያው ነው፤ እንግዲህ በዚያ ኮከብ ዙሪያ ሁለተኛና ሦስተኛ ፕላኔት ቢገኝ ስሙ የሚፈለግ አይሆንም፤ ቶናና በረካ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። በስም ውስጥ ተራ ቍጥር የተሸሸገበት እንዲህ ያለ ሥርዓት በብዙ አገር አልተገኘም።

ድንቅነሽ ደግሞ በሌላ መንገድ ወጣች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሀዳር የተገኘችው ቅሪተ አካል በውጭ ሉሲ ስለተባለች፣ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ወደ ጁፒተር አካባቢ አስትሮይዶች የላከውን መንኮራኩር ሉሲ አለው። መንኮራኩሩ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በመጀመሪያ ያለፈባት፣ ስፋትዋ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ አስትሮይድም ድንቅነሽ ተባለች። ሲያልፍባት በዙሪያዋ የምትሄድ ትንሽ ጨረቃ ተገኘች፤ እርስዋም በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች። እዚህ ላይ ሰዋስዋዊ ነገር አለ። ድንቅነሽ ተራ ስም አይደለም፤ «ድንቅ ነሽ» የሚል በሁለተኛ መደብ፣ በአንስታይ ጾታ የቀረበ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ከፀሐይ ዙሪያ ካሉት አካላት መካከል በተጠራች ቍጥር ምስጋና የሚሰጣት ይህች ናት ማለት ነው።

በአንጻሩ ያልወጣንበትም አለ። ቮዬጀር የተባሉት ሁለቱ መንኮራኩሮች በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ሲላኩ፣ የሰው ልጅን ሰላምታ በ55 ቋንቋዎች የያዘ የወርቅ ቅብ ሸክላ ተጭኖባቸው ነበር። ከአፍሪካ ሉጋንዳ፣ ኒያንጃ፣ ሶቶ፣ ኢላና ንጉኒ አሉበት፤ ተናጋሪ የሌላቸው ሱሜርኛ፣ አካድኛና ሒታይትኛ ሳይቀሩ አሉበት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ የሉበትም። ቮዬጀር 1 ዛሬ ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል፤ ብርሃን እንኳ ወደ እርሱ ለመድረስ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። «ጤና ይስጥልኝ» ሳንለው ሄዷል።

አሁን ወደ ዲማ ልመለስ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ በዲማና በአካባቢው የሚነገሩት የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የሱሪና ሌሎችም ቋንቋዎች ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ምሕዋር ከሖረ መውጣቱ ምንም አይነግራቸውም፤ ከግዕዝ የተወለደው ቃል ከእንግሊዝኛው ያልተናነሰ ባዕድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ አኝዋም ኑዌርም ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ የሙያ ቃል ሥራው በእነርሱ ዘንድ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። አማርኛ ከግዕዝ እንደ ተበደረ እነርሱም ከአማርኛ ይበደሩ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ ያላቸውን መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ያላቸው ጥቂት አይደለምና። በኑዌር ጨረቃና ወር አንድ ቃል ናቸው፤ የእኛም ወር ከግዕዙ ወርኅ፣ ማለት ከጨረቃ የመጣ ነው። ከሱሪ ጋር በቋንቋ የሚዛመዱት ሙርሲዎች ከደቡብ መስቀልና ከአጎራባቾቹ ከዋክብት አንዳንዶቹ ከምሽቱ ሰማይ መሰወራቸውን በማየት የኦሞን ወንዝ ሙላት ይገምታሉ። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሙርሲዎች ያሉበት ወር ስንተኛው እንደ ሆነ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ወንዙ ሲሞላና ከዋክብቱ ሲሰወሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታረማል። በዚህ መንገድ የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት ጋር ሳይራራቁ ይኖራሉ። የቦረና አያንቱዎች ደግሞ 27 የቀን ስሞችን ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር አስማምተው ዓመቱን ይቈጥራሉ። በእነዚህ ቋንቋዎች «ተሰወረ»፣ «ተመልሶ ታየ»፣ «ከጨረቃ ጋር ገጠመ» ለሚሉት ሐሳቦች ቃል ሊኖር ግድ ነው። እነዚህም የሥነ ፈለክ መማሪያ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚፈልጋቸው ሐሳቦች ናቸው።

ዲማ ለዚህ ዓይነቱ የቃል ስብሰባ የተመቸ ቦታ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚገኝ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፤ የደቡብ መስቀልም ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ክረምቱ ደመና ነው። ለመምህራኑ የቀረበው ሐሳብ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ጋር ውጭ ወጥቶ መጠየቅ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሰባቱ ከዋክብት ከራስ በላይ አጠገብ ስለሚሆኑ ከእነርሱ መጀመር፣ ከዚያ ኦርዮንን፣ የደቡብ መስቀልን የሚፈልግ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ መመልከት። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ቃሉ በተናጋሪው አፍ እንደ ተሰማ፣ የተጠቆመው ኮከብ፣ ሌሊቱና ሰዓቱ፣ ከኮከቡ ጋር የተነገረው ሥራ፣ ማለትም ዘር፣ ዓሣ፣ ከብት ወይም ወንዝ ይጻፋል። የአማርኛው አቻ የሚጻፍበት መስመር ለጊዜው ባዶ ይተዋል።